መንገድ ላይ የቀየርኳት ተረት

ባለፈው ሳምንት መጥረጊያ ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። መጥረጊያ እንኳ እሰፈሬ ካለው ሱቅም ይገኛል፤ ግን እኔ የሰባተኛ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ መጥረጊያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲሸጥ ሳይ ያመኛል። ጭድ ተራ ስደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የቃጫ ገመድ የጫነ ጋሪ ዝናብ መትቶት ከአንድ ሕንፃ ደጃፍ ቆሟል። የራሰ ቃጫ ሽታ ለማያውቀው ሰው አይነገርም፤ ትንሽ እንደ ሣር፣ ትንሽ እንደ እርጥብ ውሻ ይሸታል። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ከኋላዬ አንድ ተሸካሚ «እናት፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ!» ብሎ እስኪጮህብኝ ድረስ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ቆሜ ነበር።

ያ ክረምት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ያረፍኩበት ነው። ሞባይል የትልልቅ ነጋዴዎች ጌጥ በነበረበት ጊዜ፣ እኔ የሁለት ሴቶች ስልክ ሆኜ ከርሜያለሁ። የማመላልሰው ግን ወሬ አልነበረም፤ ተረት ነበር።

አንደኛዋ እትዬ ዘነበች ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሰባተኛ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ከኛ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ይኖሩ ነበር። ግዙፍ ነበሩ፤ ሲስቁ የኛ ቤት የብርጭቆ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። ጭድ ተራ ባለችው ሱቃቸው መጥረጊያ፣ ሰሌንና የቃጫ ገመድ ይሸጣሉ። ከጎናቸው የእትዬ ሐሊማ ሱቅ አለች፤ ሰፌድ፣ ወንፊትና ቅርጫት የሞላባት። እትዬ ሐሊማ የወሎ ሰው ናቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የሚናገሩትን ለመስማት ሰው ሁሉ ጎንበስ የሚልላቸው። ሁለቱን ሱቅ የሚለየው ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ አንዷን ክፋይ በትከሻ ቁመት አንስተው መስኮት አበጅተዋል። በዚያች መስኮት ሻይ ያልፋል፣ ዝርዝር ያልፋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገር ያልፋል።

በየጧቱ ሱቃቸውን እንደከፈቱ እትዬ ዘነበች ቆርቆሮውን በመጥረጊያ እጀታ ይደበድቡና «ነገር በምሳሌ!» ይላሉ።

ከወዲያ እትዬ ሐሊማ «ሻይ በብርጭቆ!» ብለው ይመልሳሉ።

የተረቱ ጅራት «ጠጅ በብርሌ» መሆኑን እኔም ዐውቃለሁ። ግን እትዬ ሐሊማ «ጠጅ እንኳን በጉሮሮዬ፣ በአፌም አይዞርም» ብለው በመጀመሪያው ቀን ቀይረውታል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያች መስኮት አካባቢ ጠጅ ተጠርቶ አያውቅም። ከዚህ በኋላ ውድድሩ ይጀመራል። አንዷ ተረት ትወረውራለች፣ ሌላዋ የተረቱን ወንድም ፈልጋ ትመልሳለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከተባለ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲመጣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሄዳል። ወንድሙን ያጣች የጧቱን ሻይ ትጋብዛለች። ሁልጊዜ ሻዩ ሁለት ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ከስኒ ማስቀመጫው ላይ የፈሰሰችውን እንድጠጣ ይፈቀድልኛል።

ጨዋታው ሌላም ሕግ ነበረው፣ ማንም ያልጻፈው። አንዳንዱ ተረት ባለቤት አለው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የእትዬ ሐሊማ ነው፤ እትዬ ዘነበች ቢሞቱ አይነኩትም። ስለ ጥጋብና ስለ ጥጋበኛ የሚወራ ሁሉ ደግሞ የእትዬ ዘነበች ነው። የሰው ተረት መውሰድ የሰው ደንበኛ ከመጥራት እኩል ነውር ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። መጻፉንስ ጻፍኩ፤ መረዳቱ ነው የቸገረኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን የሰማሁ ሰሞን የሐምሌን ደመና አንጋጥጬ ላሟን ስፈልግ አንገቴ ታመመ። ድር አንበሳ ያስራል ሲባል አንበሳ ስለሌለኝ የጎረቤት ድመት ያዝኩና በእናቴ የስፌት ክር አሰርኳት። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ድመቷ ክሩን እየጎተተች ከነማጠንጠኛው ጣሪያ ላይ ወጣች፤ እናቴ በሜትር መለኪያዋ እግሬን ስትል ያነሳሁት ጩኸት እትዬ ዘነበችን ከቤታቸው አስወጣቸው። ነገሩን ሲሰሙ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ።

የዚያ ዓመት የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው ነገሩ የተጀመረው። እትዬ ዘነበች ጠበል ጠዲቅ ተጠርተው፣ በደንብ በልተው፣ ጠላውንም ቀመስ አድርገው ወደ ሱቅ ይመለሳሉ። ጭድ ተራ መግቢያ ላይ ቦይ አለ፤ ክረምት ሲሆን ይሞላል። መሻገሪያ ጣውላ ትንሽ ራቅ ብሎ ተጥሏል። እትዬ ሐሊማ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ያዩዋቸዋል።

«ዘነቡ፣ በጣውላው ዙሪ!»

«እኔን የአባይን ልጅ? ይቺን የድመት ሽንት ለመሻገር ጣውላ?» አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዘለሉ።

ቦዩን ተሻግረዋል፤ በዚያ በኩል ሐሰት የለበትም። ያረፉበት ጭቃ ነው የከዳቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃና በጨርቅ አስሮ «አርባ ቀን አትረግጭም» አላቸው።

እትዬ ሐሊማ ሳይለመኑ የእትዬ ዘነበችን ሱቅ ቁልፍ ተቀበሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጧቱ ሁለት ሱቅ ይከፍታሉ፣ ሁለት ሱቅ ይጠርጋሉ፣ ማታ ሁለት ሱቅ ይዘጋሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሽያጩን በመሐረብ ቋጥረው ከሙዝ ጋር ራሳቸው ያመጡታል። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ያወቅሁት በኋላ ነው።

እትዬ ዘነበች እቤታቸው መስኮት ሥር ተኝተው ሁለት ቀን ቻሉ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ቤዛ፣ ነይ እስቲ። የታሰረው እግሬ ነው፤ ዝም ብዬ ስተኛ ግን አፌም የታሰረ መሰለኝ። ሐሊማ ዘንድ ሂጂና ‹እግሬ ቤት ቀረ እንጂ አፌ አልቀረም፤ ወርውሪ› በያት።»

ሮጥኩ። እትዬ ሐሊማ ሰፌድ እየደረደሩ ሰሙኝና ከንፈራቸውን ነክሰው ትንሽ አሰቡ። «‹ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል› በያት።»

ይህን ሳደርስ እትዬ ዘነበች በሳቅ አልጋቸውን አንኳኩት። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ፣ ከሰባተኛ ጭድ ተራ፣ ከጭድ ተራ ሰባተኛ ተመላለስኩ። በአንድ ጉዞ አንድ ከረሜላ ይከፈለኛል። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነው። ባለጋሪዎቹ «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ይገፉኛል፤ እኔ ግን ቃሌን ከንፈሬ ላይ ይዤ፣ እንዳይፈስ እንደ ሙሉ ባልዲ እየተጠነቀቅሁ አልፋለሁ።

ቀስ በቀስ የተራው ሰው ለመደኝ። «ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል። አንድ ገመድ ሻጭ ሽማግሌ «ሬዲዮ» ብለው ስም አወጡልኝ። እኔም መቆም ጀመርኩ፤ መንገድ ላይ ተረቱን አሰማለሁ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዱ ቆሎ ይዘግንልኛል። እትዬ ዘነበችም «ይቺ ልጅ የወርቅ ጭንቅላት አላት» ብለው ለእናቴ ነገሯት። እናቴ መቀሷን ሳታስቀምጥ «ጭንቅላቷ ደኅና ነው፤ እዚያው ጭንቅላቷ ላይ እንዳትወጣ ነው እንጂ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ያን ሰሞን ስራመድ አገጬ ወደ ላይ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ወጌሻው ተመልሶ መጣ። አጥንቱ እንደታሰበው አልገጠመም፤ ፈትቶ እንደገና አሰረው። ጩኸታቸውን ከኛ ቤት ሰማሁ። ሲወጣ ገባሁ፤ እትዬ ዘነበች ፀጉራቸውን ሳይሸፍኑ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ተኝተዋል። እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

«ዛሬ ተረት የለኝም» አሉ። «ለሐሊማ ‹እግሬ እንቢ አለ፤ የምቆም አልመሰለኝም› በያት።»

እትዬ ሐሊማ ይህን ሲሰሙ በእጃቸው የነበረውን ወንፊት ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ሁለት ሴቶች ሰፌድ ሊገዙ ቆመው ነበር፤ እሳቸው ግን በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ አንድ ትልቅ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ተረት እስኪወጣ ጠበቅሁ።

«አብሽሪ በያት» አሉ በመጨረሻ። «‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› በያት።»

«ይኸው ነው?» አልኳቸው።

«ይኸው ነው የኔ እናት። ሂጂ።»

አፈርኩላቸው፤ እውነቴን ነው። ይቺ ተረት ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፋለች፣ ከእንቁላል ሥዕል ጋር። አንደኛ ክፍሎች እንኳ እየዘመሩ ነው የሚሏት። ገመድ ሻጩ ሽማግሌ «ሬዲዮ፣ ዛሬስ?» ሲሉኝ ጭራሽ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ «ዛሬ ምሥጢር ነው» ብዬ አለፍኩ። እኔን የሚያህል መልእክተኛ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ፣ እንቁላል ተሸክማ ልትገባ ነው?

ቦዩ ጋ ስደርስ አሰብኩ። ከደብተሬ ጀርባ ያለውን ሁሉ በልቤ ገለጥኩ። እና አገኘኋት። እትዬ ዘነበች ራሳቸው፣ ብስክሌት ላይ እጁን ለቅቆ ሲፎክር የወደቀ የሰፈር ጎረምሳ አይተው ያሏት ናት። በዚያች ሰዓት ከሷ የበለጠ ተረት በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ጠበል ጠዲቅ በልተዋል፣ ዘለዋል፣ ተሰብረዋል። ሁሉም ነገር በቅደም ተከተል አለበት። ስለሳቸው ተብሎ የተተረተ ነው የሚመስለው!

እትዬ ዘነበች አልጋ ፊት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል እንደሚቆመው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እትዬ ሐሊማ ‹ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ› ብለዋል።»

«እስቲ ድገሚው» አሉ።

ወደውት ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«ሐሊማ ናት ይህን ያለችኝ?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው!»

ውሸቷ በቀላሉ ወጣች፤ እንዲያውም ውሸት መሆኗን ያስተዋልኩት ወጥታ ካለቀች በኋላ ነው። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከረሜላ አልተሰጠኝም። ልወጣ ስል ሳይዞሩ ተናገሩ።

«‹በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል› ብላለች በያት።»

ይህችን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። የማገዶ ነገር መስሎኝ ነበር። እትዬ ሐሊማ ግን እንደተመታ ሰው ቀና አሉ።

«እኔን? ምሳር እኔ ነኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ ብሎ «‹ወርቅ ላበደረ ጠጠር› በያት» አሉኝ።

ቤት ስገባ ነገሩን ለማጣራት ቆረጥኩ። «እማ፣ እትዬ ዘነበች የእትዬ ሐሊማን ወርቅ ወስደዋል?»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ማነው ያለሽ?»

«እትዬ ሐሊማ ‹ወርቅ ላበደረ ጠጠር› አሉ።»

«ወርቅ ማለት ውለታ ነው፣ አንቺ ልጅ። ደግ ሠርቼ ክፉ ተመለሰልኝ ማለቷ ነው። ምነው፣ ምን ተባባሉ?»

«እማ፣ ‹ካልጠገቡ አይዘሉ› ማለትስ?»

«የወደቅሽው በጥጋብሽ ነው፣ ደግ አደረገሽ ማለት ነው። ለታመመ ሰው ጠላት እንኳ አይለውም። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ። ከመኪናው ሥር ገብቼ የጨርቅ ቁርጥራጭ መልቀም ጀመርኩ፤ ፊቴን እንዳታይብኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በእጄ አለፈ፣ ያውም ቃል በቃል። እትዬ ዘነበች «ቁልፌን ትስጥሽ» ብለው ላኩኝ። እትዬ ሐሊማ ምንም ሳይሉ ቁልፉን ከአንገታቸው ላይ ካለው ክር ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ከሰውነታቸው ሙቀት የተነሳ ይሞቃል። በማግሥቱ ስሄድ መስኮቷ የለችም፤ የተነሳችው ቆርቆሮ ተመልሳ በአራት ሚስማር ተመትታለች። የእትዬ ዘነበች ሱቅ ተዘግቷል። ለመስቀል አገር ቤት የሚገቡ ጉራጌዎች ገበያ ሊጀምሩ ነው፤ በዚያ ሰሞን የተዘጋ ሱቅ እንዳለቀሰ ሰው ይታያል። ሰው ሁሉ «ምን ነካቸው?» ይላል። «ሬዲዮ፣ ምን ሰማሽ?» ሲሉኝ እሮጣለሁ።

ከዚያም ክፉው መጣ። እትዬ ዘነበች እናቴን ጠርተው «ከመስቀል በኋላ ሱቄን ለቅቄ ሌላ ተራ እፈልጋለሁ። ከሃያ ዓመት ጉርብትና በኋላ እንዲህ ያለችኝ ሴት አጠገብ አልቀመጥም» ሲሉ በግድግዳው ሰማሁ። ያን ቀን ዳቦ አልበላ አለኝ። ሁለቱ ሴቶች የተጣሉት በእኔ ነው፤ እትዬ ሐሊማ ያልተናገሩትን፣ እትዬ ዘነበች ያልሰሙትን፣ እኔ ብቻ ዐውቃለሁ።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሲዘንብ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግቢ ወጥቶ ይጠመቃል። ዝናቡ ኃጢአት ያጥባል ይባላል። ሌሎቹ እየጨፈሩ ሲረጥቡ እኔ አንድ ጥግ ላይ አፌን ወደ ሰማይ ከፍቼ ቆምኩ። ኃጢአቱ የሠራው አፌ ስለሆነ በደንብ እንዲገባበት ብዬ ነው። ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ቆየሁ። ያተረፍኩት ጉንፋን ነው፤ ኃጢአቱ ግን እንደነበረ ነው።

በማግሥቱ አፍንጫዬ እየፈሰሰ አንድ ዘዴ አመጣሁ። ተረት ያበላሸውን ተረት ያቃናዋል ብዬ፣ ማንም ሳይልከኝ ጭድ ተራ ሄድኩ።

«እትዬ ሐሊማ፣ እትዬ ዘነበች ልከውኝ ነው። ‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት› ብለዋል።»

እትዬ ሐሊማ ወንፊታቸውን እንደያዙ አዩኝ። ረዥም ጊዜ አዩኝ።

«ዘነቡ አለች? ይቺን?»

«አዎ።»

«ቤዛዬ፣ ዘነቡ ይቺን ተረት በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብላት አታውቅም። የኔ ናት። ብትሞት አትነካብኝም።» ወንፊቱን አስቀመጡና ጎንበስ አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ወደ ሰው ጎንበስ ሲሉ አየሁ። «አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን፣ እግሬ እንቢ አለኝ ብላ የላከችሽ ቀን፣ ከእኔ ምን ወሰድሽ?»

«እንቁላል» አልኩ፤ ለቅሶዬም አብሮ መጣ።

«ምን አደረስሽ?»

ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ ረቢ! ለተሰበረች ሴት!» አሉ። የሚመቱኝ መስሎኝ ዐይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ግን የበራቸውን መዝጊያ ድምፅ ነው። በቀትር፣ በጳጉሜን ገበያ፣ ደንበኛ እየጠራቸው፣ ሱቃቸውን ዘጉ። እጄን ያዙኝና በጭቃው ውስጥ መንገድ ጀመርን። ሲያነክሱ ያየሁት ያኔ ነው። ባለጋሪው «መንገድ!» ሲል «አንተ መንገድ ልቀቅ፣ ነገር ተሸክመናል!» አሉት፤ እውነትም ለቀቀ።

እትዬ ዘነበች በሩ ሲከፈት እትዬ ሐሊማን አይተው ወደ ግድግዳው ሊዞሩ ሲሉ፣ እኔ ወደፊት ተገፋሁ።

«ተናገሪ» አሉ እትዬ ሐሊማ። «እኔ አልናገርልሽም። በአፍሽ ያጠፋሽውን በአፍሽ።»

ተናገርኩ። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ስለተጻፈው፣ ስለ ገመድ ሻጩ ሽማግሌ፣ ስለ ቦዩ፣ ሁሉንም። ከማለቅስበት የተነሳ ግማሹ አልተሰማም።

እትዬ ዘነበች ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ታዲያ ሐሊማ ምን ነበር ያለችው?»

«አብሽሪ ብለዋል። ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ብለዋል።»

እትዬ ዘነበች የታሰረ እግራቸውን አዩት። እንባቸው ሳይጠሩት ወረደ።

«ይቺን ነበር የፈለግሁት» አሉ። «ያን ቀን ከዓለም ተረት ሁሉ ይቺን ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

እኔ ያቺን የግድግዳ ተረት እንደዚያ የሚፈልጋት ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እትዬ ሐሊማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ የራስሽን ተረት ከኔ አፍ ወጣ ሲሉሽ እንዴት ታምኛለሽ? የጥጋብ ተረት መቼ ነክቼብሽ ዐውቃለሁ?»

«እግሬ ሲሰበር ማስተዋሌም አብሮ ተሰበረ መሰለኝ። ከራሴ ጓሮ በተነሳ ድንጋይ ፈነከተችኝ ብዬ ነዋ የበገንኩት!»

«በጣውላው ዙሪ ብዬሽ ነበር።»

«ዝም በይ!»

እና ሳቁ። መጀመሪያ እትዬ ሐሊማ ናቸው የጀመሩት፣ ድምፅ በሌለው ሳቃቸው፣ ትከሻቸው ብቻ እየዘለለ። እትዬ ዘነበች ሲከተሏቸው የኛ ቤት ብርጭቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እግሬን! እግሬን! አታስቂኝ!» እያሉ ይስቃሉ። እናቴ መቀሷን ይዛ ሮጣ ገባች፤ ነገሩን ስትሰማ እጇ ወደ ሜትር መለኪያዋ ሲሄድ አይቼ ከእትዬ ሐሊማ ኋላ ተደበቅሁ።

«ተያት» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኔ እፈርድባታለሁ። ቤዛ፣ ነይ ወዲህ። ማን ነው የጠገበው?»

ገባኝ። በዚያ ክረምት ከተማርኩት ሁሉ ያቺ ቅጽበት ትበልጣለች። «እኔ» አልኩ።

«ማን ዘለለ?»

«እኔ።»

«ማንስ ተሰበረ?»

ይህን መመለስ አቃተኝ፤ ምክንያቱም እኔ ብቻ አልነበርኩም።

«እንግዲያው ይቺ ተረት ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት። ለማንም አትስጫት። እኔም ሐሊማም አንነካብሽም።»

ሃያ ስንት ዓመት አለፈው፤ አሁንም የኔው ናት።

ከዚያ በኋላ መላላኬ ቀጠለ፤ ግን ከመነሳቴ በፊት ቃሉን ሦስቴ እንድደግም ተፈረደብኝ። ቁልፉም ወደ እትዬ ሐሊማ አንገት ተመለሰ። ገመድ ሻጩ ሽማግሌ «ሬዲዮ» ሲሉኝ «ተላላኪ ነኝ» ብዬ አለፍኩ።

መስቀል ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዐደይ አበባ የያዙ ሴቶች በየመንገዱ በሚታዩበት ሰሞን፣ እትዬ ዘነበች ተነሱ። ዱላቸው የራሳቸው ሸቀጥ ነው፤ የመጥረጊያ እጀታ። እስከ ተራው መግቢያ በታክሲ አመጣናቸው። ከዚያ ወዲያ ደግፉኝም አላሉ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ የተራው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አያቸው። ቦዩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለው በጣውላው ዞሩ። አንድ ሰው አጨበጨበ፤ «ዝም በል፣ ታደናቅፈኛለህ!» አሉት።

እትዬ ሐሊማ ምንም እንዳላዩ ሆነው ወንፊት ይደረድራሉ። አንዱን ወንፊት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው፣ ከዚያም መልሰው ወደ ነበረበት። ቆርቆሮዋ ተነስታ መስኮቷ ተከፍታለች፤ አራቱ የሚስማር ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። እትዬ ዘነበች ገብተው ሰሌናቸው ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ቆርቆሮውን ደበደቡት።

«ነገር በምሳሌ!»

«ሻይ በብርጭቆ!» አሉ እትዬ ሐሊማ ወንፊታቸውን ሳይለቁ።

ሁላችንም ተረቱን ጠበቅን። እትዬ ዘነበች በመስኮቷ ብቅ አሉ።

«እንቁላሉ መጣ» አሉ።

እትዬ ሐሊማ በሻርፓቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ለዚህስ ወንድም የለውም» አሉ። «ተሸንፌያለሁ።»

ከዚያ ወደ ማዶው ሻይ ቤት ዞረው፣ ያቺ ዝቅ ያለች ድምፃቸው ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው ኃይል «ሦስት ሻይ!» ብለው ተጣሩ።

ሁልጊዜ ሁለት ነበር። ሦስተኛው ብርጭቆ በመስኮቷ አልፎ እጄ ላይ ሲደርስ፣ ሙሉ፣ የራሴ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ፣ መታገሥ ከየት ይምጣ፤ አንዴ ሳብኩና ምላሴን አቃጠልኩ።

ሁለቱም፣ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ፣ በአንድ አፍ «ቀስ በቀስ!» አሉኝ።